በሳንባ ምች ለተኛ ልጅ በየሺፍቱ ምን ልከታተል?

ጀማሪዋ ነርስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከተመረቅኩ ብዙም አልቆየሁ፣ አሁን ሕፃናት ወርድ ተመድቤያለሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ አልጋው ሁሉ የሳንባ ምች ነው። ሐኪሙ ኦክስጅን፣ አምፒሲሊን፣ ጄንታማይሲን ብሎ አዝዞ ይሄዳል፣ እኔም መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ግራ የገባኝ። አንዷ ጀርባ ትመታለች፣ ሌላው እርጥብ ጨርቅ ይለጥፋል። ቫይታል ሳይኑ (ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ትኩሳት) ደግሞ አንዳንዱ ቻርት ላይ ከላይ እስከ ታች ያው ቁጥር ነው፣ ማን እንደለካው እንጃ። እናንተ ጋ ወጥ አሠራር አለ? ደግሞ ኦክስጅን ሲባል እናቶች ያለቅሳሉ፣ ዞር ስል ይነቅሉታል።

ሲስተር ከወሎ፦
እህቴ፣ ከትንፋሽ ቆጠራ ጀምሪ። ሙሉ አንድ ደቂቃ! 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለሕፃን አይሆንም፣ ትንፋሹ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። እናቱ አቅፋው ፀጥ ሲል ልብሱን ገልጠሽ ቁጠሪ፣ እያለቀሰ ከሆነ ተይው። ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ግን በቁጥሩ ብቻ አትመኚ። ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ያቃስታል? ጡት ይይዛል? ትንፋሹ ቀንሶ ልጁ ከፈዘዘ ተሽሎት ሳይሆን ደክሞት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሐኪም ለመጥራት አታመንቺ።

ኦክስጅኑ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፣ ፍሰቱን የሚለካው ፍሎሜትር ላይ ኳሷ ከፍ ብላለች፣ ሴቹሬሽኑ (ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በመቶኛ) ግን ይወርዳል። ፕሮንጉን (አፍንጫው ውስጥ የሚገባውን የኦክስጅን ቱቦ ጫፍ) አውጥተሽ ስታዪው ቀዳዳው በደረቀ ንፍጥ ተደፍኗል። ቢያንስ በየ3 ሰዓቱ አውጥተሽ እዪው፣ አፍንጫውንም በኖርማል ሳላይን (በሕክምና ጨው ውሃ) አለስልሰሽ ጥረጊለት። ከተጠራጠርሽ ጫፉን ኩባያ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ካልተንተከተከ አየር አይመጣም ማለት ነው። እግሩ የቀዘቀዘ ልጅ ላይ ሴቹሬሽን የሚለካው ኦክሲሜትር ይዋሻል፣ አሙቀሽ ድገሚው።

ጀርባ መምታቱን ተዉት። ለሳንባ ምች ጥቅሙ አልታየም፣ ልጁን ከማስለቀስ በቀር። እርጥብ ጨርቁም ያንቀጠቅጠዋል፤ ትኩሳቱ 39 ደርሶ ልጁን ካስጨነቀው ፓራሲታሞል ስጪው። ከሁሉ የማይታለፍ ግን ማጋት ነው! ትንፋሹ ቁና ቁና እያለ ያለ ልጅ ወተት ወይም ሙቅ ሲያግቱት ሳንባው ይገባል። ጡት መያዝ ካቃተው በአፍንጫ ቱቦ፣ የታለበ የእናት ጡት፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ።

አንድ ጠቅላላ ሐኪም፦
ሲስተር የጻፈችው ላይ ልጨምር። ኦክስጅን የሚጀመረው ሴቹሬሽን ከ90 በታች ሲሆን ነው፣ ልጁ ከረጋ ደግሞ በቀን አንዴ አጥፍታችሁ ሞክሩ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ። ከወረደ መልሱለት። ካልወረደም በዚያው እንዳትረሱት፣ ቆይታችሁ ድገሙ። ብዙ ልጅ ሳያስፈልገው ኦክስጅን ላይ ይከርማል፣ የሚያስፈልገው ደግሞ ወረፋ ይጠብቃል። በ48 ሰዓት ለውጥ ከሌለ ንገሩን፣ ደረቱ ውስጥ ፈሳሽ ወይም መግል፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ ማሰብ አለብን። እና እባካችሁ፣ የማትለኩትን አትጻፉ። እኔ ውሳኔ የምሰጠው ያንን ቻርት አይቼ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ነርስ አይደለሁም፣ ግን ስለ ኦክስጅኑ ልናገር። ትንሿ ልጄ ታማ ተኝታ ነበር። ጎናችን ያለው ልጅ ኦክስጅን ላይ እያለ አረፈ። ታዲያ እኔ ምን ላስብ? ሊያልቅላት ሲል ነው የሚያደርጉላት ብዬ ነቀልኩት። የማታዋ ሲስተር አልተቆጣችኝም። ፕሮንጉን ጉንጬ ላይ አስጠግታ ነፋሱን አሳየችኝ። ከዚያ መልሳ ለልጄ አድርጋ ማሽኑን ወደ እኔ አዞረችው፣ 84 የነበረው ወደ 93 ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ በኋላ ማን ይነካታል! ንፍጥ ሲዘጋው እየሮጥኩ የምጠራትም እኔው ነበርኩ።

ጀማሪዋ ነርስ፦
እናትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገውኑ እሞክረዋለሁ። ሲስተር፣ ሌሊት ለዚያ ሁሉ ልጅ ብቻዬን ስሆንስ? በየ3 ሰዓቱ የማይታሰብ ነው።

ሲስተር ከወሎ፦
እውነትሽን ነው፣ ሁሉንም እኩል ለማየት ከሞከርሽ አትደርሺም። ኦክስጅን ላይ ያሉትን፣ ከ2 ወር በታች ያሉትንና በምግብ እጥረት የተጎሳቆሉትን ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ አስጠጊ፣ ዙሩን ከነሱ ጀምሪ። ለሌሎቹ እናቶች መቼ እንደሚጠሩሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ጡት እምቢ ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አልነቃ ካለ። ጠዋት ስታስረክቢም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ አይሁን፣ አልጋው ጋ ቆማችሁ፣ ሴቹሬሽኑን ሁለታችሁም እያያችሁ።