የ16 ወር ልጄ ያገኘውን ሁሉ ይወረውራል፤ ምን መጫወቻ ልግዛለት?

ጠያቂ፦ ልብስ ሰፊዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ነው። ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ወንድ ልጅ አለኝ፤ ባለፈው ሳምንት 16 ወር ሞላው። በ13 ወሩ ነው መራመድ የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት አይመስልም።

ያገኘውን ሁሉ ይወረውራል። ማንኪያ፣ ጫማ፣ የአባቱን ስልክ፣ የተቀቀለ ድንች። ሳበላው ሁለቴ ይጎርስና ሦስተኛውን ወደ መሬት ይለቀዋል። ወርውሮም ዝም አይልም። ጎንበስ ብሎ የት እንደወደቀ ያያል፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያየኛል። የሚያናድደኝ ያ እይታው ነው። «እስቲ ምን ታመጫለሽ» የሚለኝ ይመስለኛል። እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ጊዜ እጁን መትቼዋለሁ። ማታ ተኝቶ ሳየው አለቀስኩ።

እሁድ ቡና እየተፈላ ረከቦቱን ጎትቶ አራት ስኒ ሰበረ። ጀበናው ገና ከከሰሉ አልወረደም ነበር፤ ፈጣሪ ነው ያተረፈው። አማቴ «ይሄ ልጅ ካሁኑ ካልተቀጣ በኋላ አይቻልም» ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ «መጫወቻ ስለሌለው ነው፣ ግዢለት» አለችኝ። ሐሙስ ገበያ ወጣሁና መብራት እያበራ የሚዘፍን መኪናና የእንስሳት ድምፅ የሚያሰማ የልጆች ስልክ ገዛሁ። ሁለቱ 850 ብር ናቸው። የሁለት ቀሚስ ስፌት ገንዘብ ነው። መኪናውን ግማሽ ቀን እንኳ አልተጫወተበትም። ስልኩን ወረወረውና የጀርባ ክዳኑ ወለቀ። አሁን የሚጫወተው በድስት ክዳንና ክሩ ባለቀ ማጠንጠኛ ነው።

ይሄ ጠባይ የጤና ነው? ለዚህ ዕድሜ የሚሆነው መጫወቻስ የትኛው ነው? ሁለተኛ ገንዘቤን ማባከን አልፈልግም።

መልስ 1፦ የሦስት ልጆች እናት

አይዞሽ እህቴ። የኔ መካከለኛዋ እንደዚሁ ነበረች። የአባቷን ቁልፍ ሽንት ቤት ከታ አንድ ሳምንት ተጣልተናል። በሁለት ዓመት ከምናምኗ አፏ ሲፈታ ተወችው። እኔ የጠቀመኝ የድሮው የካልሲ ኳስ ነው። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀሽ አፉን ስፊው። አንቺ ጋ ጨርቅ ሞልቷል። ቢወረውረውም አይሰብርም።

መልስ 2፦ የሕፃናት ማቆያ ሠራተኛ

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ጅማ ሕፃናት ማቆያ ነው የምሠራው። ዘንድሮ 9ኛ ዓመቴ ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ያሉትን እይዛለሁ። ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ቀና ብሎ እኔን ያየኛል» ያልሽው ላይ ስደርስ ግን ቆም አልኩ።

ያ እይታ አንቺን አናደደሽ፣ እኔን ደስ አሰኘኝ። ልጅሽ ሁለት ነገር እየጠየቀ ነው። አንደኛው «ይሄ ነገር ምን ሆነ?» ነው። ማንኪያ ሲወድቅ ይጮሃል። ካልሲ ሲወድቅ ድምፅ የለውም። ድንች ይፈርጣል፣ ኳስ ይነጥራል። አንዴ አይቶ አይበቃውም፤ ነገም እንደዚያው ይሆን እንደሆነ ማየት አለበት። የጥቂት ወር ሕፃን ሳለ ከዓይኑ የተሰወረ ነገር ለእሱ የለም ማለት ነበር። አሁን ባያየውም እንዳለ ያውቃል። ለዚህ ነው ጎንበስ ብሎ የሚፈልገው። ሁለተኛው ጥያቄ «እማዬ፣ አንቺስ አየሽው?» ነው። ያየውን ካንቺ ጋር መካፈል ይፈልጋል። ይሄ የጤና ምልክት ነው። እኔ ልቤ የሚሰጋው ስሙ ሲጠራ ለማይዞር፣ ወደ 18 ወር ተጠግቶም በጣቱ ለማይጠቁም ልጅ ነው። እንደዚያ ያለውን ባለሙያ እንዲያየው ለወላጆቹ ቶሎ እነግራለሁ።

«አትወርውር» ስትይው ቃሉን ይሰማሻል። እጁን ማቆም ነው የማይችለው። ራስን መግታት በአእምሮ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ነው፤ 3 ዓመት ሞልቶትም ገና ጅምር ነው። እጁን ስትመቺው የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲናደድ ይመታል። ሁለት ጊዜ መታሁ ብለሽ ግን ራስሽን አትጉጂ። እኛም ማቆያ ውስጥ ትዕግሥታችን የሚያልቅበት ቀን አለ። ያን ቀን ልጁን ለባልደረባ ሰጥቼ ውጪ ወጥቼ ውሃ እጠጣለሁ።

እኛ የምናደርገውን ልንገርሽ። መወርወሩን አንከለክልም፤ ቦታ እንሰጠዋለን። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ መሬት ላይ አድርጊና የካልሲ ኳሶቹን እዚያ ይወርውር። ምግብ ላይ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ሲጥል «ምግብ አይወረወርም» በይው፣ በረጋ ድምፅ። ሁለተኛ ሲጥል «ጠግበሃል» ብለሽ ሳህኑን አንሺ። አትጩኺ፣ አትሳቂም። ፊትሽ በወረወረ ቁጥር የሚለዋወጥ ከሆነ ከማንኛውም መጫወቻ የሚበልጥበት እሱ ነው። አማትሽም፣ ባልሽም እነዚሁኑ ቃላት ይበሉ። አማትሽን በክርክር አትግጠሚያቸው። «እማማ፣ ኳሱን ይያዙለት» ብለሽ አጠገቡ አስቀምጪያቸው።

ስለ መጫወቻው፦ ያ የሚዘፍነው መኪና ሁሉን ራሱ ያደርገዋል፤ ለልጁ የሚተርፈው ማየት ብቻ ነው። ድስትና ክዳን ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይጮሃል፣ ዕቃ ይከተትበታል። በዚህ ዕድሜ ትልቁ ጨዋታ መክተትና ማውጣት ነው። እጀታ የሌላቸው የፕላስቲክ ኩባያዎች አንዱ ባንዱ ውስጥ ሲገቡ፣ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ሽምብራ ከትተሽ ክዳኑን አጥብቀሽ ስትዘጊለት፣ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጥለሽ «የለሁም... አለሁ!» ስትይው፣ ሰዓቱ ሳይታወቀው ያልፋል። ሃይላንዱን ግን አንቺ እያየሽው ብቻ፤ ሽምብራ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል።

ብዛትም አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያወጡት ጥናት አለ። ከ18 እስከ 30 ወር የሆናቸው 36 ሕፃናትን አንዴ በ4 መጫወቻ፣ አንዴ በ16 አጫወቷቸው። 4ቱ ሲሰጣቸው አንዱን ይዘው ረዘም ላለ ጊዜ ተጫወቱ፤ ባንዱ ዕቃም ብዙ ዓይነት ጨዋታ አገኙበት። እኔም ማቆያ ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነው። አራት ነገር ብቻ አውጪ፣ ሌላውን ከረጢት ውስጥ ደብቂ፣ በሳምንቱ ቀይሪለት። እንደ አዲስ ነው የሚቀበለው።

መልስ 3፦ ነርስ ነኝ

ሁላችሁም ስለ ጠባዩ ተናገራችሁ። እኔ «የስልኩ ክዳን ወለቀ» የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። እህቴ፣ አሁኑኑ ተነሽና ውስጡ ያሉትን ባትሪዎች ቁጠሪ። እነዚያ የልብስ ቁልፍ የሚያካክሉ ክብ ባትሪዎች ልጅ ከዋጣቸውና ጉሮሮ ላይ ከቀሩ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ያቃጥላሉ። የሚያቃጥለው ከውስጡ የሚፈስ ነገር ብቻ አይደለም። እርጥብ ሥጋ ሲነካ ኤሌክትሪክ ያልፍበታል፣ ቦታውን ያነደዋል። ያለቀ ባትሪም ያደርገዋል።

ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ አትጠብቂ፤ ሆስፒታል ነው። እንዲያስመልሰው አታድርጊ። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ በመንገድ ላይ ሳለሽ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር ስጪው፤ ከስድስት ጊዜ አይለፍ። ማሩ ባትሪውን ይሸፍነዋል፣ ቃጠሎውን ያዘገየዋል። ማር ፍለጋ ብለሽ ግን አንድ ደቂቃ እንዳትዘገዪ። ማር ያገራችን ስለሆነ ይህን ጨምሬ ልበል፤ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጭራሽ አይሰጥም፣ ለማስላስ ተብሎም ቢሆን። ከባድ መመረዝ ያመጣበታል።

ከእንግዲህ ስትገዢ የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ መሆኑን እዪ። በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ለሻጩ መልሺለት። ሌላም መለኪያ አለ፤ ሶፍት የሚጠቀለልበት ካርቶን። በእሱ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። አንቺ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ ቁልፍ፣ ቦቢን፣ መርፌ ቆልፊ። ደጅ ላይ የሚሰጣውን ቡናም፣ ቆሎና ኦቾሎኒውንም አትርሺ።

መልስ 4፦ አናጢ፣ ጅማ

እኔ የበርጩማ ሥራ ላይ ነኝ። ባለሦስት እግሩን ከአንድ ግንድ ስንፈለፍል ብዙ ቁርጥራጭ ይተርፈናል፤ እስካሁን ለማገዶ ነበር የሚሄደው። ለልጄ ከዋንዛ ቁራጭ 12 ጥርብ ሠራሁለት። የጡጫ ያህል ናቸው፣ የሚዋጡ አይደሉም። ጠርዛቸውን አድቦልቡዬ በብርጭቆ ወረቀት ጉንጬ ላይ እስኪለሰልስ ፈተግሁት። ቀለምም ቫርኒሽም አልቀባሁትም፤ ልጅ ሁሉን ወደ አፉ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ እኔ እከምራለሁ እሱ ይንዳል፤ አሁን 2 ዓመቱ ነው፣ ራሱ ስድስት ይደረድራል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነኝ። ቁርጥራጩን ለማንም እናት በነፃ እሰጣለሁ፤ መፈተጉን ብቻ እናንተ ቻሉት።

ጠያቂ፦ ልብስ ሰፊዋ እናት (ከ2 ሳምንት በኋላ)

መጀመሪያ ለነርሷ እህቴ። መልስሽን እንዳየሁ ስልኩን አነሳሁ። ባትሪ የሚገባበት ሦስት ቦታ አለው። ሁለት ብቻ ነበሩ። እግሬ ከዳኝ። አማቴም ባሌም ተንበርክከው ፈለጉ። ሦስተኛውን ያገኘሁት የስፌት መኪናዬ ፔዳል ሥር፣ ከክር ጉድፍ ጋር ነው። ስልኩም ባትሪውም ቤቴ የለም።

ሳፋው ሠራ። በአንድ ቀን አይደለም፤ መጀመሪያ ኳሱን ትቶ ሳፋውን ራሱን ገለበጠው። አምስት ኳስ ሰፋሁለት፣ አንዱ ከሙሽራ ቀሚስ ትራፊ ስለሆነ ያብረቀርቃል፤ እሱን ነው የሚወደው። ምግብ ላይ አሁንም ይጥላል፣ ግን ሳህኑን ማንሳት ስጀምር እጁን ይሰበስባል። ቡና የሚፈላው እሱ ሲተኛ ሆኗል።

አማቴ ኳስ ይያዙ ስላቸው መጀመሪያ እምቢ አሉ። አሁን ከሰዓት በኋላ በርጩማቸውን አውጥተው ሳፋው አጠገብ ይቀመጣሉ። ወርውሮ ቀና ሲልባቸው «አየሁት የኔ ጌታ፣ አየሁት» ይሉታል።

አናጢው ወንድሜ፣ ሐሙስ ገበያ ስወጣ ባንተ በኩል አልፋለሁ። የዋንዛው ቁራጭ ካለህ እባክህ አስቀምጥልኝ፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ።