የኬጂ 3 እና የአንደኛ ክፍል ጓሮ፦ ለአስተዳደሩ የሚገባው ሐሳብ

ጸሐፊ
ረቂቁ ይኸው። ቦታው ከአጥሩ ሥር ያለው ባዶ መሬት ነው፣ 6 በ 4 ሜትር። ስድስት መደብ ይወጣዋል። ልጆቹ በሳምንት ሁለት ቀን ይወጣሉ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ባቄላ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ። ከባዛሩ የተረፈው 38,000 ብር አለ። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ። እንደ ቤተ መጻሕፍቱ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር።

ሚስ (ኬጂ 3)
ጊዜውን አስቡበት። ዋናው ዝናብ ሲዘንብ ልጆቹ ቤታቸው ናቸው። ስለዚህ መስከረም ሳይወጣ፣ አፈሩ እርጥብ እያለ መዝራት አለብን። ጎመኑ ኅዳር ላይ ይቀነጠሳል። ከጥቅምት በኋላ ግን ውሃ የሚያጠጣ ያስፈልጋል። ደግሞ ከሽንት ቤቱ ጀርባ የበቀለው ጉሎ ይነቀል። ፍሬው መርዝ ነው። ልጆች ያገኙትን ወደ አፋቸው ነው።

የመንትዮቹ አባት
ፍግ በእኔ ይሁን። ሱሉልታ ዘመድ አለኝ። ቅዳሜ በአይሱዙ አመጣለሁ። ገንዘብ አትያዙለት።

የአንደኛ ክፍል እናት
ጭቃውስ? አሁንም ካልሲ አጥቤ አልጨርስም። የጫማው ነገር ይታሰብበት።

ገንዘብ ያዥ
ኮንጎ ጫማ ከመርካቶ በጅምላ ገዝተን እዚያው ትምህርት ቤት ይቀመጥ። ርካሽ ነው፣ በውሃ ይታጠባል።

የአንደኛ ክፍል እናት
ልጄ ኮንጎ አታደርግም።

ገንዘብ ያዥ
ምን ነውር አለው? እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኮንጎ ነው የተማርኩት።

የኬጂ 3 አባት
ቡትስ ይሁን። ወላጅ ለየልጁ ይግዛ።

አያት
ለየልጁ ይግዛ ማለት ለሚችል ቀላል ነው። እኔ የልጅ ልጄን የማሳድገው በጡረታ ነው። አንዱ ቡትስ አድርጎ ሌላው በሸራ ጫማ ሲቆም ልጅ አያይም መሰላችሁ? ያያል። ቤት መጥቶ የሚጠይቀው እኔን ነው።

የአንደኛ ክፍል እናት
ቃሌን አታጣሙ። ድሃ አልናቅኩም። አንድ ጫማ ውስጥ የስንት ልጅ እግር ሊገባ ነው? የእግር ፈንገስ ይተላለፋል። ይህን መጠየቅ ጥፋት ከሆነ ከኮሚቴው አውጡኝ።

ገንዘብ ያዥ
ማን አስገባሽና ነው የምናወጣሽ? የባዛሩ ቀን የት ነበርሽ?

ጸሐፊ
በቃ! 31 መልእክት ስለ ጫማ ተጽፏል። ስለ ዘሩ የጻፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። የመንትዮቹ አባት፣ ቅዳሜ አለፈ። ፍጉስ?

ሚስ (ኬጂ 3)
አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምና ልጆቹን ለአሥር ደቂቃ ብቻ አውጥቼ ድንጋይ አስነሳኋቸው። የምድር ትል ወጣ። ግማሾቹ ጮኹ። አንዷ ግን ቁጭ ብላ «ሚስ፣ ዓይኑ የት ነው?» አለችኝ። ዓይን የለውም፣ ብርሃንን በቆዳው ነው የሚያውቀው አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሱ ስትጠይቀኝ ከረመች። መጽሐፉ ላይ የትል ሥዕል አለ፣ አንድም ልጅ ጠይቆኝ አያውቅም። ለእንቁጣጣሽም ሁሉም አደይ አበባ ይስላሉ። ብዙዎቹ ግን ካየኋቸው ሥዕሎች እንደሚገባኝ አበባውን ሳይሆን የጓደኛቸውን ወረቀት ነው የሚያዩት። ይህን ጓሮ የጠየቅኩት ለዚህ ነው። ጭቃው ይታጠባል።

የአንደኛ ክፍል እናት
እሺ ሚስ። እትዬ፣ እርስዎን አስቤ አልጻፍኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ጭቃ የሌለበት መንገድ ካለ ለምን አንፈልግም?

ሊቀመንበር
ከበሩ እስከ መደቡ ኮብልስቶን ይነጠፍ። ያኔ ጫማ መግዛት አያስፈልግም፣ ጠቡም ያበቃል። ውሃውም በፈረቃ ስለሆነ ሮቶ የግድ ነው። ሮቶው ደግሞ ለመጸዳጃ ቤቱም ይጠቅማል።

ገንዘብ ያዥ
ሮቶና ኮብልስቶን ከተገዛ ለመደብ የሚተርፍ ብር የለም።

የኬጂ 3 አባት
ታዲያ በጆንያ እንትከል። አፈር ሞልቶ ግድግዳው ሥር መደርደር ነው። ወይም አንድ ቀን ጉለሌ እፅዋት ማዕከል እንውሰዳቸው። 705 ሄክታር ነው፣ የማይታይ ነገር የለም።

ሚስ (ኬጂ 3)
ጉለሌ ብንሄድ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ቀን ያዩት ዛፍና ራሳቸው ዘርተው በየጠዋቱ «በቀለ?» እያሉ የሚያዩት ባቄላ አንድ አይደለም።

ጸሐፊ
የመንትዮቹ አባት ስልክ አያነሳም። ስለ ፍጉ የሚያውቅ አለ?

ጸሐፊ
ለአስተዳደሩ የሚገባው የተስተካከለው ይኸው። አንደኛ፣ ሮቶ ከነመቆሚያው። ሁለተኛ፣ ኮብልስቶን ከበሩ እስከ መጸዳጃ ቤቱ። ሦስተኛ፣ 12 ጆንያ አትክልት። የተቃወመ የለም ብዬ ልላክ?

ሊቀመንበር
ይላክ።

ሚስ (ኬጂ 3)
እኔ እቃወማለሁ። መንገዱ መጀመሪያ ወደ መደቡ ነበር፣ አሁን ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሆኗል። ጆንያ ውስጥ ልጅ አይቆፍርም። አንድ መደብ መሬት ላይ አስቀሩልኝ፣ 2 በ 1 ሜትር ይበቃኛል። ብር አልጠይቅም። ባቄላውን ረቡዕ ማታ እዘፈዝፋለሁ፣ ሐሙስ 3 ሰዓት ላይ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ። ጉሎው ግን እስካሁን አልተነቀለም። ዛሬም አየሁት።

አያት
ዶማ አለኝ። ረቡዕ ጠዋት መጥቼ እነቅለዋለሁ። ጥበቃው በሩን ይክፈትልኝ።