የዕቅድ ውይይት፦ ቢጫ ሆነው የሚመጡ የሐሞት ከረጢት ካንሰር ታካሚዎች የቀዶ ሕክምና ውጤት

ቀዶ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
ክቡራን ባልደረቦች፣ የጥናታችን ረቂቅ የሚቆጥረው ዕጢው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ብቻ ነው። ይህ ሳይስተካከል ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዳይሄድ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ አባታቸውን ይዘው የሚመጡ ልጆች የሚጠይቁን «ቢከፈትለት ይድናል ወይ?» ብለው ነው። ለእነሱ መልስ የሚሆን ቁጥር የሚገኘው ቢጫ ሆኖ የመጣው ሁሉ ሲቆጠር ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርኩ መሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የወጣው ጥናት ከ240 ታካሚዎች 82ቱ ቢጫ ሆነው እንደመጡ ያሳያል፤ ከ82ቱ ለመዳን ታስቦ ዕጢው የወጣላቸው 6 ናቸው። ቢጫ ሆነው የመጡት በሕይወት የቆዩበት ሚዲያን (የመሃል ቁጥር) 6 ወር፣ የሌሎቹ 16 ወር ነበር። ስድስቱን ብቻ ይዘው ቢጽፉ ኖሮ የቀሩት 76 ከነጭራሹ አይታዩም ነበር። ተስፋ የለም ማለቴ አይደለም፤ የጉበቱ ክፍል ከነሐሞት ቱቦው ተቆርጦለት ዓመታት የኖረ አለ። ግን ከስንቱ መካከል?

ራዲዮሎጂስት፦
እስማማለሁ ዶክተር። የቢጫነቱ መንስኤም የራሱ ዓምድ ይኑረው። ዕጢው የሐሞት ቱቦውን ወርሮት፣ ወይም ያበጠ ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) ተጭኖት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ካንሰሩ እያለ ቱቦውን የዘጋው ጠጠር ሆኖ ይገኛል፤ ይህኛው ከሌሎቹ ጋር ከተደባለቀ ውጤቱን ሁሉ ያዛባብናል። የሲቲ ስካን ምስሉ ስቴንት (ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቧንቧ) ከመግባቱ በፊት የተነሳው ይሁን፤ ከገባ በኋላ የቱቦው ግድግዳ ስለሚወፍር ዕጢ ይመስላል። ሲኤ 19-9 የተባለው የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራም ቱቦ ሲዘጋ ስለሚጨምር፣ ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም) ከወረደ በኋላ የተለካውን እንያዝ።

ሬዚደንት፣ ከክልል፦
ዶክተሮች፣ ካርድ ስናገላብጥ የሚያስቸግረንን ልንገራችሁ። መዝገቡ ላይ «ላፓሮቶሚ» (ሆድ ተከፈተ) ተብሎ ብቻ ያልፋል፤ ተከፍቶ ዕጢው ሳይነካ የተዘጋለት ዕጢው ከወጣለት አይለይም። የኦፕሬሽን ኖቱን (የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ) አንድ በአንድ ማንበብ ግድ ነው። ሌላው፣ እኛ ጋ የወፍ በሽታ ነው ተብለው የባህል መድኃኒት ሲወስዱ ከርመው የሚደርሱ አሉ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነበት ቀን እስከ ሆስፒታል ያለው ጊዜ ይመዝገብልን።

ቀዶ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
የኔ ወንድም፣ ሁለቱንም አስገብቻለሁ፤ የራዲዮሎጂውንም እንዲሁ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን ሞት እስከ 30 ሳይሆን እስከ 90 ቀን እንቁጠር፤ ጉበቱ ብዙ የተቆረጠለት ሰው ቀስ እያለ ደክሞ ከወር በኋላ ሊሞትብን ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የቱቦ ኢንፌክሽን ይዞት እንደነበርም ይጻፍ። ቤተሰብ በስልክ ስለምንጠይቅ የፈቃዱ ቃል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይዘጋጅ። የስልኩን ሥራ ማን ይረከባል? ሐዘን ላይ ያለ ቤት የሚደውል ሰው ስለሆነ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው እንምረጥ።