የአተነፋፈስ ኒውሮን ሞዴል፦ አንዴ ይተኩስና ዝም ይላል

ማስተርስ_ላይ፦
ሰላም ጓዶች፣ አፕላይድ ማትስ ነው የምማረው፣ ለፕሮጀክት የቡቴራን፣ የሪንዝልንና የስሚዝን የ1999 ሞዴል ፓይተን ላይ እየሰራሁ ነው፣ ያው የፕሪ ቦትዚንገር ኒውሮን፣ ሜዱላ (የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል) ውስጥ አየር ወደ ውስጥ መሳቡን የምትመራዋ ቦታ ማለት ነው። ቫሪያብሎቹ ሶስት ናቸው፣ ቮልቴጅ፣ የፖታሲየም ከረንቷ በር ኤን እና የፐርሲስተንት ሶዲየም (ቶሎ የማይዘጋው የሶዲየም ከረንት) በር ኤች። የሊክ ፖቴንሺያሉን (ሁሌ የሚያፈሰው የሊክ ከረንት ቮልቴጁን የሚስብበትን ዋጋ) -60 ሚሊቮልት ሰጥቼ 1000 ሚሊሰከንድ ሳስሮጠው መጀመሪያ ላይ ተርተርተር ብሎ ይተኩስና (የኤሌክትሪክ ምት ይልክና) ከዛ ጸጥ። እኩልታዎቹን ደጋግሜ አይቻለሁ ልክ ናቸው። ደሞ አንድ ሴል ማንም ሳያዘው ብቻውን ሪትም የሚፈጥረው እንዴት ነው?

ቀርፋፋዋ_ኤች፦
1000 ሚሊሰከንድማ አይበቃም ወንድሜ። የኤች ታው ባር (ምን ያህል ቀርፋፋ እንደሆነች የሚለካው ጊዜ) ስንት ነው? 10000 ሚሊሰከንድ፣ 10 ሰከንድ ማለት እኮ ነው፣ ለኮሽ (ከቮልቴጅ ጋር ለሚቀያየረው ፈንክሽን) ሲካፈል ቢቀንስም -60 አካባቢ አሁንም ከ6 ሰከንድ በላይ ነው፣ አንተ ደግሞ ሁለተኛው በርስት (የተኩስ ሩጫ) ሳይመጣ ነው የምታቆመው። 40 ሰከንድ አስሩጠው።

ሪትሙ የሚመጣው ከዚችው ኤች ነው። ሴሉ ሲተኩስ ኤች ቀስ እያለች ትዘጋለች፣ ሶዲየሙ እየሳሳ ይሄድና ተኩሱ ይቆማል፣ ዝም ባለበት ጊዜ ደግሞ መልሳ ትከፈታለች፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ከረንት ሊኩን ሲያሸንፍ እንደገና ይጀምራል። ኤችን እንደ ቋሚ ፓራሜትር ያዛትና ቮልቴጅና ኤንን ብቻ ባይፈርኬሽን ዳያግራም (ፓራሜትሩ ሲቀያየር ባህሪው እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳይ ስዕል) ስራላቸው፣ በአንድ የኤች ዋጋ ላይ ዝምታም ተኩስም ሁለቱም ስቴብል የሆኑበት ክልል ታገኛለህ፣ ኤች እዛ ክልል ላይ ወዲያ ወዲህ ስትመላለስ ነው በርስት የሚባለው። ለፕሮፌሰሩ እሱን አሳየው፣ የቮልቴጅ ፕሎት ብቻ ይዘህ ብትሄድ ምንም አልሰራህም ይልሃል።

አዎ ደሞ የሳይፓይን (የፓይተን የሂሳብ ላይብረሪ) solve_ivp ዲፎልት ሶልቨር ተወው፣ ኤልሶዳ (LSODA) የሚባለውን ተጠቀም፣ ቶለራንሱንም አጥብቀው።

ፊዚዮ_ላብ፦
ሂሳቡ ልክ ነው ግን "ትንፋሽ የሚመጣው ከዚህ ሴል ነው" ብለህ እንዳትጽፍ 😅 በ2002 ዴል ኔግሮና ባልደረቦቹ ሪሉዞል የሚባለውን ይሄንኑ ሶዲየም የሚዘጋ መድኃኒት የአይጥ አንጎል ስላይስ (ቀጭን ቁራጭ) ላይ ጨምረው ሪትሙ ቀጥሏል። ስለዚህ ብዙዎች ሴሎቹ እርስ በርስ እየተቀሰቀሱ በጋራ ነው የሚጀምሩት ይላሉ፣ ሰርግ ላይ ጭብጨባ እንደሚነሳው፣ አንዱ ይጀምራል ሌላው ይከተላል ከዛ ሁሉም ይደክመዋል። ክርክሩ ገና አላለቀም። ስላይሱ ራሱ ፖታሲየም የተጨመረበት ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሳንባ የለ ቬገስ (ከሳንባ ወደ አንጎል መልእክት የሚያመጣው ነርቭ) የለ፣ ከሙሉ እንስሳ ትንፋሽ ጋር እኩል አይደለም።

ማስተርስ_ላይ፦
40 ሰከንድ አስሮጥኩት፣ መጣ!! በየተራ ደስ የሚል በርስት። ሊክ ፖቴንሺያሉን -57.5 ሳደርገው ፈጠነ፣ -54 ላይ ግን በርስቱ ጠፍቶ ዝም ብሎ ሳያቋርጥ ይተኩሳል፣ ይሄ ኖርማል ነው?

ቀርፋፋዋ_ኤች፦
ኖርማል ነው፣ ፔፐሩም ላይ እንደዛ ነው። ከውጭ ያለው ፖታሲየም ሲጨምር የሚሆነውን ነው በግርድፉ የሰራኸው።

ፊዚዮ_ላብ፦
ቀጥለህ ብዙ ሴሎችን በኤክሳይታቶሪ ሲናፕስ (አንዱ ሌላውን በሚቀሰቅስበት ግንኙነት) አገናኛቸው፣ እነቡቴራ ራሳቸው በዛው በ1999 ሁለተኛ ፔፐር አላቸው ስለሱ። ለእያንዳንዱ ሴል ግን ሊኩን ትንሽ ትንሽ እያለያየህ ስጠው፣ አንዱ ዝምተኛ አንዱ በርስት አድራጊ ይሁን፣ ሁሉም አንድ አይነት ከሆኑ ኔትወርክ ብለህ ያንኑ አንድ ሴል ነው ደግመህ የምታየው።