«ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

የፒያሳው ተርጓሚ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ፒያሳ ላለ ስቱዲዮ የአንድ እንግሊዝ ኮሜዲ ሰብታይትል እየሠራሁ ነው። ሰዎቹ ከመጠጥ ቤት አይወጡም! ቲፕሲ፣ ሃመርድ፣ ፒስድ፣ ብራምስ ኤንድ ሊስት፣ ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ ይላሉ። ሁሉንም «ሰክሯል» ካልኩት ቀልዱ ይሞታል። የትኛው ከየትኛው ይብሳል? ከየትስ መጡ?

ባለ ሸራው
በመጀመሪያ ሺት እዚህ ጋ አንሶላ አይደለም። ሸራም አይደለም፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ብዙዎቹ ሸራ ይመስላቸዋል። የሸራውን የታችኛውን ጫፍ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ነው። ገመዱ ሲለቀቅ ሸራው ነፋሱን መያዝ ትቶ ይርገበገባል፤ ሦስቱ ከተለቀቁማ መርከቡ ይንገዳገዳል። አባባሉ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ይገኛል፤ ያኔ ግን «ኢን ዘ ዊንድ» ነበር የሚባለው። መርከበኞቹ በገመዱ ቁጥር ስካሩን ይለኩበት ነበር፦ አንድ ከሆነ ሞቅታ ነው፣ ሦስት ከሆነ አለቀለት። ስለዚህ «ጥንብዝ ብሏል» በለው።

ግሮጊ የሚል ከገጠመህ ደግሞ ተጠንቀቅ። በ1740 የእንግሊዝ ባሕር ኃይሉ አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን ለመርከበኞቹ የሚታደለው ረም የሚባል መጠጥ በውሃ እንዲቀጥን አዘዘ፤ ለግማሽ ፓይንት ረም አንድ ኳርት ውሃ፣ ማለትም አንድ እጅ ለአራት፣ በቀን ሁለቴ ተከፍሎ የሚታደል። ግሮግራም ከሚባል ሻካራ ጨርቅ የተሠራ ካፖርት ይለብስ ስለነበር ቅጽል ስሙ «ኦልድ ግሮግ» ነበር፤ መጠጡም ግሮግ ተባለ። ግሮጊ ድሮ የሰከረ ማለት ነበር። ዛሬ ግን ከእንቅልፍ፣ ከመድኃኒት ወይም ከቡጢ በኋላ ለፈዘዘ ሰው ነው። ከማደንዘዣ የነቃን ሕመምተኛ «ሰክሯል» ብለህ እንዳታሳቅቀን።

አራት ኪሎ
ደረጃውን በአጭሩ፦ ቲፕሲ «ሞቅ ብሎታል»፣ ድራንክ «ሰክሯል»፣ ሃመርድና ፕላስተርድ «ጥንብዝ ብሏል» ወይም «ራሱን አያውቅም»።

ብራምስ ኤንድ ሊስት ኮክኒ የሚባሉት የምሥራቅ ለንደን ሰዎች ቤት መምቻ ነው፤ አንዱን ቃል ትተው ከእሱ ጋር ቤት የሚመታ ሐረግ ይናገራሉ። ሊስት ከፒስድ (ሰክሯል) ጋር ቤት ይመታል፤ ብራምስና ሊስት ከሚባሉት ሙዚቀኞች ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ብዙ ጊዜ ቤት የሚመታው ቃል ተቆርጦ «ብራምስ» ብቻ ይቀራል፣ ያኔ ነው ተርጓሚ የሚወድቀው። ስሞቹን በአማርኛ ብታስቀምጥ ማንም አይስቅም። በምትኩ አንድ የአራዳ ቃል ፈልግና ቀልዱን እዚያ ላይ አሳርፈው።

እንግሊዞች ደግሞ የፈለጉትን ስም ወስደው መጨረሻው ላይ «ድ» ለጥፈው ስካር ያደርጉታል። «ቶታሊ ጋዜቦድ» ካለ ጋዜቦ የሚባል ዳስ አትፈልግ፣ ሰከርኩ ማለቱ ነው። ይህ ሱስ አሜሪካም የቆየ ነው፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1737 በጋዜጣው ያወጣው የጠጪዎች መዝገብ ከ200 በላይ አባባል አለው።

የፒያሳው ተርጓሚ
እግዜር ይስጥልኝ! ሁለት ቀሩኝ። «ኦን ዘ ዋገን» የሚል አለ፤ ወደ ሞት የሚወሰዱ እስረኞች ጋሪ ነው የሚል አንብቤ ነበር። ሌላው፣ አንድ አሜሪካዊ «ፒስድ»ን ሰምቶ ይሳሳታል፤ ቀልዱ በሙሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።

ባለ ሸራው
የእስረኞቹ ጋሪ ተረት ነው። አባባሉ አሜሪካዊ ነው፤ ዋገኑ አቧራ እንዳይነሣ መንገድ ላይ ውሃ የሚረጨው ጋሪ ነው፣ እንደኛ የውሃ ቦቴ። እሱ ላይ የወጣ ውሃ እንጂ መጠጥ አይጠጣም። «መጠጥ አቁሟል» ይበቃል፤ «ኦፍ ዘ ዋገን» ሲሆን «ተመልሶ ጀመረ»።

አራት ኪሎ
ፒስድ ለእንግሊዙ ሰክሯል፣ ለአሜሪካዊው ተናዷል ነው። «ፒስድ ኦፍ» ከሆነ ግን ለሁለቱም ንዴት ነው፣ እሱን አታምታታው። ለቀልዱ «ጦዟል» በል፤ ሰው በመጠጥም በንዴትም ይጦዛል። እንግሊዙ «ጓደኛህ ጦዟል» ይበል፣ አሜሪካዊው «ማን አናደደው?» ብሎ ይመልስ። ሁለቱም በአንድ መስመር ስለሚያልቁ ለማንበብም ይደርሳል።