ብሬቶን ተናጋሪ ደብሊን ቢሄድ ይግባባል እንዴ?

ሀበሻ ዘብሬስት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ፈረንሳይ ብሬስት ነው የምኖረው። እዚህ የመንገዱ ታፔላ በሁለት ቋንቋ ነው፣ ፈረንሳይኛና ብሬቶን፣ ግን እውነቴን ነው ባስ ውስጥም ገበያም ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። የስራ ባልደረባዬ ደግሞ ብሬቶን የፈረንሳይኛ ዘዬ ሳይሆን የአየርላንዱ ቋንቋ የአይሪሽ ዘመድ ነው አለኝ። ታዲያ ከአይሪሽ ጋር ይግባባሉ ማለት ነው? ተናጋሪዎቹስ የት ገቡ?

ቡና በጨው፦
ዘመድነቱ ልክ ነው፣ መግባባቱ ግን የለም። ኬልቲክ ቋንቋዎች ዛሬ ሁለት ጎራ ናቸው፣ ባንድ በኩል ብሬቶን፣ ዌልሽ (የዌልስ) እና ኮርኒሽ (የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ የኮርንዎል)፣ በሌላ በኩል አይሪሽ፣ የስኮትላንድ ጌሊክና ማንክስ (የማን ደሴት)። ቁጥር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል፣ አራትና አምስት በብሬቶን ፔቫር፣ ፔምፕ፣ በዌልሽ ፔድዋር፣ ፒምፕ፣ አይሪሽ ጋ ስትደርስ ግን ካሂር፣ ኩግ ይሆናል፣ "ፐ" በነበረበት "ከ" ቁጭ ብላለች። ብሬቶንና ዌልሽን እንደ አማርኛና ትግርኛ አስባቸው፣ ቃል ትለቅማለህ እንጂ እንደልብህ አታወራም፣ ብሬቶንና አይሪሽን ግን አማርኛና አረብኛ በላቸው።

ቀስተ ደመና፦
እኔ የማውቀው ብሬቶን የሮማው ቄሳር የተዋጋቸው የጎሎች፣ ማለትም የጥንት ፈረንሳይ ነዋሪዎች፣ ቋንቋ ቅሪት እንደሆነ ነው

ቡና በጨው፦
አይ የጎሎቹ ከጠፋ ቆየ። ብሬቶንን ይዘው የመጡት በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከብሪታንያ ባሕር ተሻግረው ብሬስት ባለችበት በብሪታኒ ክልል የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ለዛ ነው ከኮርኒሽ ጋር በጣም የሚቀራረበው።

የሬኗ፦
ተናጋሪዎቹ የት ገቡ ላልከው፣ ትምህርት ቤት ነው የበላቸው ወንድሜ። ድሮ ብሬቶን ሲያወራ የተያዘ ተማሪ አንገቱ ላይ እንጨት ወይ አሮጌ የእንጨት ጫማ ይንጠለጠልበት ነበር፣ ሌላ ልጅ ሲያወራ እስኪይዝና እስኪያስተላልፍለት ድረስ፣ ማለትም ልጆቹን እርስ በርስ ሰላይ አደረጓቸው። እንደዛ ያደጉት ወላጅ ሲሆኑ ለልጆቻቸው ፈረንሳይኛ ብቻ አወሩ። በ1950 አካባቢ ወደ አንድ ሚሊዮን የነበረው ተናጋሪ በ2024ቱ ጥናት 107,000 ገደማ ነው፣ ከነሱም ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ዲዋን የሚባሉት በብሬቶን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ከ1977 ጀምሮ አሉ ግን በ2021 የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት እንደዛ አይነቱን ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። ዌልስ ግን ከ1982 ጀምሮ በራሱ ቋንቋ የሚያስተላልፍ ቲቪ አለው፣ በ2021 ቆጠራ 538,000 ሰው ዌልሽ እችላለሁ ብሏል። ታፔላ ብቻውን ቋንቋ አያድንም ባይ ነኝ።

ልጄ ሁለት ቋንቋ ክፍል ናት፣ የቤት ስራ ሳግዛት የሚያሳብደኝ የቃሉ መጀመሪያ መለዋወጡ ነው። አባት "ታድ" ነው፣ አባቴ ሲሆን "ቫ ዛድ"፣ አባትህ ሲሆን "ዳ ዳድ"፣ እና መዝገበ ቃላት ላይ "ዛድ" ብለህ ብትፈልግ አታገኝም 😂 ዌልሽና አይሪሽም እንዲሁ የቃሉን ፊት ይቀይራሉ፣ የቤተሰቡ አመል ነው።

ሀበሻ ዘብሬስት፦
ተባረኪ እህቴ። ታዲያ ሲነገር የት ልስማው?

የሬኗ፦
ፌስት ኖዝ ሂድ፣ የማታ ጭፈራ ነው፣ በ2012 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ሁለት ዘፋኞች ያለ መሳሪያ በብሬቶን እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ፣ ህዝቡ በትንሿ ጣት ተያይዞ ይጨፍራል። ፖስተር ሱቅ በር ላይ ይለጠፋል፣ ቀኑን ከዛ እይ፣ የሚመች ጫማ አድርግ ብቻ።