አስቸኳይ፦ የአማርኛው ሞጁል ለዓይነ ስውር ተማሪዬ አልነበብ አለ

መምህርት ከጅማ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ። በኢንተርኔት የምንሰጠው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ኮርስ ሰኞ ፈተና አለው። ዓይነ ስውር ተማሪዬ ዛሬ ደውላ «የሞጁሉ ፒዲኤፍ በአማርኛ ፈንታ የእንግሊዝኛ ፊደል እየዘበራረቀ ይነበብልኛል፤ ምዕራፍ ሦስት ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የለውም» አለችኝ። አማርኛ በትክክል የሚያነብ ሶፍትዌር ጠቁሙኝ። መብራት ሳይጠፋ ልጨርሰው።

የአጋሮው፦ ኤንቪዲኤ የሚባለውን፣ የኮምፒውተር ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ይጫኑላት። በነጻ ይገኛል።

የቤተ መጻሕፍት ሰው፦ ሶፍትዌሩን ከመውቀስዎ በፊት ፋይሉን እንመርምር። ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ቀድተው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ፋይሉ ደኅና ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) በፊት በነበረ ፊደል (ፎንት) ነው። መስመሩን መምረጥ ካልቻሉ ደግሞ ገጹ ፎቶ ነው።

መብት ለሁሉም፦ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ይናገራል። ይህ ሞጁሉ ሲዘጋጅ መታሰብ ነበረበት እንጂ ፈተና ሲደርስ አይደለም።

የሂርማታ ልጅ፦ ይህን ያህል ምን አደከማችሁ? ጓደኛዋ ታንብብላት። እኛ ስንማር እንዲያ ነበር የምንረዳዳው።

ነጭ በትር፦ ወንድሜ፣ በቅንነት እንዳልኸው አውቃለሁ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ የተማርኩትም በጓደኛ ንባብ ነው። ጓደኛ ለራሱ ፈተና ሲያጠና አይመጣም፤ አይፈረድበትም። አንዱን አንቀጽ ደጋግመህ አንብብልኝ ማለትም ያሳቅቃል። ተማሪዋ ብቻዋን፣ በፈለገችው ሰዓት ማንበብ አለባት። መምህርት፣ ኤንቪዲኤ ውስጥ ያለው፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ኢስፒክ የአማርኛ ድምፅ አለው። ለዛ የለውም፤ ግን ጆሮ ይለምደዋል።

መምህርት ከጅማ፦ ለጠፍኩት፤ የላቲን ፊደልና ቅንፍ ብቻ ወጣ! ምዕራፍ ሦስት አይመረጥም። ሞጁሉ የተጻፈበት የወርድ ፋይል በእጄ አለ። ፊደሉን ኒያላ ወደሚባለው የአማርኛ ፎንት ብለውጠው ይስተካከላል?

የቤተ መጻሕፍት ሰው፦ አይስተካከልም። በነዚያ ፊደላት ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ ግዕዝ ሆኖ የሚታየን ከላይ የተደረበለት ቅርጽ ነው። ዓይን ቅርጹን ያያል፣ አንባቢው ሶፍትዌር ግን ኮዱን ነው የሚያነበው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው በለመደው ፊደል መጻፉን ቀጠለ። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ያሳልፉት፤ ከዚያ መስመር በመስመር ያርሙት፣ በተለይ ሥርዓተ ነጥቡን። ለምዕራፍ ሦስት ቴሴራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከፎቶ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያወጣል፤ ገጹ ከተጣመመ ግን ብዙ ይሳሳታል።

ርዕሶቹን ፊደል በማወፈር ብቻ አይለፏቸው፤ በወርድ የርዕስ ስታይል ይስጧቸው። ያን ጊዜ ተማሪዋ ኤች የሚለውን ቁልፍ እየተጫነች ከርዕስ ርዕስ ትዘልላለች። ካልሆነ ምዕራፍ አራትን ለማግኘት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ማዳመጥ ሊኖርባት ነው። ወደ ፒዲኤፍ ሲለውጡም በ«ሴቭ አዝ» ያስቀምጡት። በ«ፕሪንት» በኩል ከሄደ የርዕሱ ምልክት ይጠፋል።

የአጋሮው፦ እኔም ኤንቪዲኤ ብያለሁ። አጥፍተው እንደገና ይጫኑት።

ቡና ጠጪ፦ ምዕራፍ ሦስትን በፕሮግራም ከማረም መተየብ ይቀላል። ገጾቹን እንከፋፈል፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጾች ለእኔ ይላኩልኝ። ክፍያዬ አንድ ስኒ ቡና ነው፤ ጅማ ተቀምጦ ይህን የሚከለክል የለም።

የሂርማታ ልጅ፦ ቀጣዮቹን አምስት እኔ እተይባለሁ። ነጭ በትር፣ ያልከው ገብቶኛል።

ነጭ በትር፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። መምህርት፣ ስለ ፈተናው ምንም አላሉም። ሙድል በሚባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ላይ ከሆነ ሰዓቱን ለእርሷ ብቻ ለይቶ ማራዘም ይቻላል። ሥዕል ያለበት ጥያቄ ካለ ሥዕሉን በቃላት ይግለጹላት፤ መልሱን ሳይነግሩ። ተጨማሪ ሰዓት ተፈቅዶላታል?